580 ፈረስ በኮሶበር ዳገት

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር እንጅባራ ነበርኩ፡፡ ጥር 23 ቀን መሆኑ ነው፡፡ ከጎኔ የቆመ አሥር ዓመት የሚሆነው ልጅ፣ ጌጠኛ ኮርቻና ልጓም የለበሱት ፈረሶች ሲያልፉ ጣቱን እየቀሰረ ይቆጥራል፡፡ መቶን አለፍ እንዳለ ተምታታበትና ወደ እኔ ዞሮ ‹‹ታንክ ስንት ፈረስ ነው?›› አለኝ፡፡ ትምህርት ቤት ስለ ‹‹የፈረስ ጉልበት›› ተምረው ኖሯል፡፡ ‹‹የትኛው ታንክ?›› ብዬ ጥያቄውን ላለዝበው ብሞክር ‹‹ዱሮ በዚህ ያለፈው ነዋ!›› አለ፡፡ ከአባቱ ሰምቶ መሆን አለበት፡፡ 580 ነው አልኩት፡፡ ትንሽ አሰበና ‹‹የኛ ይበዛሉ›› ብሎ ወደ ቆጠራው ተመለሰ፡፡

ለልጁ የነገርኩት ቁጥር የፋብሪካው ወረቀት ላይ ያለው ነው፡፡ ቲ-55 የተባለው የሶቪየት ታንክ ሞተር 580 የፈረስ ጉልበት አለው ተብሎ ተጽፏል፡፡ እኛ ቆመን በነበረበት ቦታ ግን፣ ማለትም ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ 580 አይሆንም፡፡ ናፍጣ የሚነድደው ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ነው፡፡ በዚህ ከፍታ ደግሞ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፡፡ የቲ-55 ሞተር አየር እየጨመቀ የሚያጎርሰው ተርቦ የለውም፤ ያገኘውን አየር ብቻ ነው የሚስበው፡፡ ስለዚህ ጉልበቱ ወደ 450 ፈረስ ይወርዳል፡፡ 130 ፈረስ ኮሶበር ዳገት ላይ ቀረ ማለት ነው፡፡ (ኮሶበር የእንጅባራ የቀድሞ ስሟ ነው፤ ሽማግሌዎች ዛሬም በዚሁ ይጠሯታል፡፡)

በአገራችን ስለ ታንክ ሲወራ ሁለት ዓይነት ወሬ ነው የምሰማው፡፡ አንደኛው ታንክን ምንም የማይመልሰው የብረት ተራራ ያደርገዋል፡፡ ሁለተኛው አባቶቻችን በክብሪት ያቃጠሉት ቆርቆሮ ያደርገዋል፡፡ እኔ ሁለቱንም አልቀበልም፡፡ ታንክ በወረቀቱ ላይ የተጻፈለት አቅም አለው፤ ያ ወረቀት ግን የተጻፈው ለአውሮፓ ሜዳ ነው፡፡ ወደ እኛ ደጋ ሲወጣ ከእያንዳንዱ ቁጥር ላይ የሆነ ነገር ይቀነሳል፡፡ የቀረውን የሚከፍለው ውስጡ የተቀመጠው ሰው ነው፡፡

የጎጃም ሰው ታንክን ፊት ለፊት የተጋፈጠው ገና በ1928 ዓ.ም. ነው፡፡ የጎጃም ገዥ የነበሩት ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ጦራቸውን ይዘው ወደ ሰሜን ዘመቱና በታኅሣሥ ወር ተከዜን ተሻግረው ሽሬ ውስጥ ደምበጊና ከተባለው መተላለፊያ ደረሱ፡፡ (ከጎጃሙ ደምበጫ ጋር እንዳይምታታ፡፡) እዚያ የገጠማቸው የጣሊያን ጦር ጥቃቅን ታንኮች ነበሩት፡፡ ሲቪ-33 ይባላሉ፡፡ ክብደታቸው ከ3 ቶን ብዙም አይበልጥም፣ ሞተራቸው 43 የፈረስ ጉልበት ነው፣ የሚይዙት ሁለት ሰው ነው፡፡ ትልቁ ጉድለታቸው ግን አናታቸው አለመዞሩ ነበር፡፡ መትረየሱ ከፊት ለፊት ተሰክቶ ግራና ቀኝ ጥቂት ዲግሪ ብቻ ይንቀሳቀሳል፡፡ ሜዳ ላይ ጠላት ከፊት ነው የሚመጣው፤ ሸለቆ ውስጥ ግን ከጎንም ከኋላም ከላይም ይመጣል፡፡ የራስ እምሩ ወታደሮች ይህን ለመረዳት ጊዜ አልፈጀባቸውም፡፡ ከኋላ እየዞሩ ወጡባቸው፡፡ የተገለበጠው ተገለበጠ፣ የቀረው ተቃጠለ፡፡ ጀግንነቱን አልቀንስም፡፡ ጀግናው ግን መትረየሱ ወደ የት እንደማይዞር ያየ ጀግና ነበር፡፡

ያ ታንክ ለቅኝ ግዛት የተሠራ የብረት ጋሪ ነበር ማለት ይቻላል፡፡ በሌላው የዓለም ጫፍ ግን ሌላ ነገር እየተዘጋጀ ነበር፡፡ ሶቪየቶች እ.ኤ.አ በ1940 ቲ-34ን ማምረት ጀመሩ፡፡ ከቲ-34 የሚወሰዱት ሁለት ነገሮች ናቸው፡፡ አንደኛው አሥራ ሁለት ሲሊንደር ያለው የናፍጣ ሞተር ነው፡፡ ሁለተኛው ያዘመመ ብረት ነው፡፡ ድፎ ዳቦ ቀጥ ብሎ ሲቆረጥና በሰያፍ ሲቆረጥ የቁራሹ ርዝመት እንደሚለያይ የምታውቁት ነው፡፡ ብረትም እንደዚያው ነው፤ 100 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት በደንብ ከተጋደመ ከፊት ለሚመጣ ጥይት 200 ሚሊ ሜትር ይሆንበታል፡፡ ክብደት ሳይጨመር ውፍረት ተገኘ ማለት ነው፡፡

ከቲ-34 በኋላ ቲ-44 መጣ፡፡ እዚህ ላይ ሞተሩን በቁመት ሳይሆን በአግድም አስቀመጡት፡፡ ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ነገር ግን የታንኩን ሆድ አሳጠረችው፣ ወገቡንም ዝቅ አደረገችው፡፡ በዚያ ላይ 100 ሚሊ ሜትር መድፍ ሲጫንበት እ.ኤ.አ ከ1947 ጀምሮ በብዛት የተመረተው ቲ-54 ተወለደ፡፡ በ1958 ደግሞ ተሻሽሎ ቲ-55 ተባለ፡፡ የዘመኑ ፍርሃት አቶሚክ ቦምብ ስለነበር፣ ሠራተኞቹን ከጨረር አቧራ የሚከላከል መሣሪያ ገባለት፡፡ ሞተሩ ከ520 ወደ 580 ፈረስ ከፍ አለ፣ የሚይዘው ጥይት ከ34 ወደ 43 አደገ፡፡ ክብደቱ 36 ቶን፣ ከፍታው 2 ሜትር ከ40 ገደማ፣ በጥሩ መንገድ ላይ ፍጥነቱ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር፡፡ ከነዘመዶቹ ከ80 ሺህ እስከ 100 ሺህ ያህል ተመርቷል ተብሎ ስለሚገመት በታሪክ በብዛቱ የሚስተካከለው ታንክ የለም፡፡

ምዕራባውያኑ የዚህን ታንክ ውስጥ በደንብ ያዩት እ.ኤ.አ በ1956 ነው፡፡ በሃንጋሪ አመፅ ጊዜ አንድ ቲ-54 ቡዳፔስት ከሚገኘው የእንግሊዝ ኤምባሲ ግቢ ደረሰላቸው፡፡ መርምረው ሲያበቁ የራሳቸው መድፍ እንደማይበቃው ገባቸውና ዝነኛውን 105 ሚሊ ሜትር መድፍ ሠሩ፡፡ አሜሪካኖቹም ያንኑ መድፍ ኤም-60 በተባለው ታንካቸው ላይ ጫኑት፡፡ ይህን ማንሳቴ በከንቱ አይደለም፡፡ ቲ-54ን ፈርተው የሠሩት መድፍና ራሱ ቲ-54 ከሃያ ዓመት በኋላ እኛው ኦጋዴን ውስጥ ተገናኝተዋል፡፡ እመለስበታለሁ፡፡

አስቀድሜ ግን ወደ ታንኩ ውስጥ ልግባ፡፡ ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አልተማርኩትም፡፡ ዳንግላ የሚኖር አንድ አጎት አለኝ፡፡ በብሔራዊ ውትድርና ሄዶ ሰሜን ግንባር ላይ የቲ-55 አጉራሽ ነበር፤ ጥይት ለመድፉ የሚያጎርሰው ሰው ማለት ነው፡፡ ለታንክ ለምን እንደተመረጠ ስጠይቀው ‹‹አጭር ስለነበርኩ ነዋ›› አለኝ፡፡ እውነቱን ነው፡፡ ሶቪየቶች ታንኩን ዝቅ ያደረጉት ለጠላት ዒላማ እንዲያንስ ነው፤ ዋጋውን ግን ሠራተኛው በቁመቱ ይከፍላል፡፡

አራት ሰው ይይዛል፡፡ ሾፌሩ ከፊት በግራ በኩል ተቀምጦ በመሪ ፈንታ ሁለት ዘንግ እየጎተተ ይነዳል፡፡ የቀኙን ከጎተተ የቀኙ ሰንሰለት ይዘገይና ታንኩ ወደ ቀኝ ይዞራል፡፡ ተኳሹ ከመድፉ በስተግራ ነው፤ አዛዡ ከእሱ ኋላ ጉልበቱን የተኳሹ ጀርባ ላይ አሳርፎ ማለት ይቻላል፡፡ አጉራሹ ብቻውን በቀኝ በኩል ይቀራል፡፡ ችግሩ እዚህ ላይ ነው፡፡ ከመድፉ በስተቀኝ ለቆመ ሰው ጥይቱን ወደ ውስጥ የሚገፋበት እጅ ግራው ነው፡፡ የአንዱ ጥይት ክብደት ደግሞ 30 ኪሎ ያህላል፡፡ አጎቴ በግራው ጉርሻ እንኳ አጉርሶ የማያውቅ ሰው ነው፡፡ ‹‹ግራ እጄን አስተምራ የላከችኝ ሩሲያ ናት›› ይላል፡፡

‹‹ጋሼ፣ በደቂቃ ስንት ታጎርስ ነበር?›› ስለው አራት አለኝ፤ ‹‹ቆመን ከሆነ›› ብሎ ጨመረ፡፡ ታንኩ እየሄደ ከሆነስ? ‹‹እየሄደ ከሆነ መጀመሪያ ራስህን ነው የምትይዘው፡፡›› ከተተኮሰ በኋላ ባዶው ቀለህ ግሎ ወደ ኋላ ይወረወራል፤ እግር ሥር ይንከባለላል፡፡ የባሩዱ ጭስ ዓይን ያቃጥላል፡፡ ያ ቋሊማ የደረደሩበት የሚመስለው የታንከኛ ቆብ ጭንቅላትን ከብረት ግጭት ያድናል፤ ጆሮን ግን ከመድፉ ሙሉ በሙሉ አያድንም፡፡ አጎቴን ዛሬ ለማነጋገር በግራ ጆሮው በኩል መቀመጥ ያስፈልጋል፡፡

ስለ ጥይቱ አቀማመጥ አንድ ነገር ልጨምር፣ በኋላ ስለሚያስፈልገን፡፡ ከ43ቱ ጥይቶች ብዙዎቹ የሚቀመጡት ከሾፌሩ በስተቀኝ ነው፡፡ እዚያ ያለው የናፍጣ ጋን እንደ ንብ ቀፎ የተበሳሳ ነው፤ ጥይቶቹ በየቀዳዳው ይሰካሉ፡፡ ናፍጣና ጥይት አንድ ቤት ናቸው፡፡

አሁን ወደ ኮሶበር እንመለስ፡፡ የሞተሩን ነገር ተናግሬያለሁ፡፡ ሁለተኛው ቅናሽ የመድፉ ነው፡፡ የቲ-55 መድፍ ወደ ታች ማጎንበስ የሚችለው 5 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው፡፡ ምክንያቱ ያው ዝቅተኛው ጣሪያ ነው፤ አፈሙዙ ሲያጎነብስ የመድፉ ቂጥ ከውስጥ ይነሣና ጣሪያው ይነካዋል፡፡ ኤም-60 እስከ 10 ዲግሪ ያጎነብሳል፡፡ አምስት ዲግሪ ለፖላንድ ሜዳ ምንም አይደለም፡፡ ለእኛ ግን ብዙ ነው፡፡ ታንከኛ ሲከላከል ከኮረብታ ጀርባ ቆሞ አናቱን ብቻ ብቅ አድርጎ ቁልቁል መተኮስ ይፈልጋል፡፡ ቲ-55 ይህን ሲሞክር አፈሙዙ ሸለቆውን ሳይሆን ማዶ ያለውን ሰማይ ያያል፡፡ መተኮስ ከፈለገ ኮረብታውን አልፎ ሙሉ ሆዱን ማሳየት አለበት፡፡ ወደ ላይም ቢሆን ከ18 ዲግሪ አይበልጥም፤ ገደል አፋፍ ላይ ያለውን ሰው አይደርስበትም፡፡

ሦስተኛው የመሬቱ ነገር ነው፤ እዚህ ላይ አንባቢን የሚያስገርም ነገር አለ፡፡ የቲ-55 ሰንሰለት ስፋቱ 58 ሴንቲ ሜትር ነው፤ መሬት የሚነካው ርዝመቱ 3 ሜትር ከ84፡፡ 36 ቶኑ በዚህ ሁሉ ስፋት ላይ ሲከፋፈል በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ የሚያርፈው 0.81 ኪሎ ብቻ ነው፡፡ አንድ የአገው ፈረስ ከነጋላቢውና ከነኮርቻው 380 ኪሎ ቢሆን፣ የአንዱ ኮቴ ስፋትም 95 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ቢሆን፣ በአራት እግሩ ቆሞ 1 ኪሎ ይጫናል፡፡ ሲጋልብ ደግሞ እጥፍና ከዚያም በላይ ነው፡፡ ስለዚህ መሬቱን ይበልጥ የሚወጋው ፈረሱ ነው፡፡

ታዲያ ለምን በክረምት ፈረሱ ያልፋል፣ ታንኩ ይቀራል? ፈረሱ ሲሰምጥ እግሩን ነቅሎ ያወጣዋል፡፡ ታንኩ ግን የሚነቅለው እግር የለውም፡፡ በተለይ ሲዞር አንዱ ሰንሰለት ቆሞ ሌላው ስለሚገፋ ሣሩን እንደ ማረሻ ይገለብጠዋል፡፡ የላዩ ንጣፍ ከተቀደደ በኋላ ሥሩ ያለው ጭቃ ነው፡፡ ሆዱ መሬት ከነካ ደግሞ አበቃ፤ ሰንሰለቱ በባዶ ይሽከረከራል፡፡ የአዊን መሬት የሚያውቅ ሰው፣ እንጅባራ ዙሪያ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሜዳው እንዴት እንደሚጨቀይ የሚያውቅ ሰው፣ የበለጠ ማብራሪያ አይፈልግም፡፡ ታንክ እዚህ አገር የመንገድ እስረኛ ነው፡፡

ከመንገድ ካልወጣ ደግሞ ናፍጣ ነው ጥያቄው፡፡ ቲ-55 በደህና መንገድ ላይ ለአንድ ኪሎ ሜትር 2 ሊትር ገደማ ይጠጣል፡፡ ከእንጅባራ ዳንግላ አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን 80 ሊትር ነው፤ አንድ ሚኒባስ ይህንኑ መንገድ በአራትና በአምስት ሊትር ይሄደዋል፡፡ ከእንጅባራ ባሕር ዳር ከአንድ በርሜል በላይ ይፈጃል፡፡ ከኋላው ሁለት ባለ 200 ሊትር በርሜል አዝሎ የሚሄደው ለዚህ ነው፡፡ ለአንድ ታንክ ይህ ከሆነ ለሠላሳ ታንክ ስንት ቦቴ እንደሚከተል አስሉት፡፡ ቦቴ ደግሞ ብረት ለባሽ አይደለም፡፡ አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩት ሴባስቶፖል 7 ቶን ያህል ነበር፤ መቅደላ ለማድረስ መንገድ እየተቆፈረለት ወራት ፈጅቷል፡፡ ከባድ ብረትና የእኛ ተራራ አለመስማማታቸው የቆየ ነገር ነው፡፡

ታንክ እንደ ወረቀቱ የሠራበት የአገራችን ክፍል ኦጋዴን ነው፡፡ ሜዳ ነው፣ ደረቅ ነው፣ ከፍታውም ዝቅ ያለ ነው፡፡ የሶማሊያ ጦር በ1969 ዓ.ም. ክረምት የመጣው ከሶቪየት ባገኛቸው ቲ-34፣ ቲ-54 እና ቲ-55 ታንኮች ነው፡፡ በእኛ በኩል የነበሩት አሜሪካ ሠራሾቹ ኤም-41፣ ኤም-47 እና ጥቂት ኤም-60 ነበሩ፡፡ መስከረም 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ተያዘች፡፡ ከዚያ ፖለቲካው ተገለበጠ፤ ሶቪየቶች ሶማሊያን ትተው ወደ እኛ ዞሩ፣ ቲ-55ም አብሮ መጣ፡፡ በአንድ ጦር ሜዳ ላይ ሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ታንክ ያዘ፡፡

ይሁን እንጂ ካራማራ ላይ ሲደረስ ነገሩ ወደ ተራራ ተመለሰ፡፡ መተላለፊያው ጠባብ ነው፤ የያዘው ወገን ታንኮችን አንድ በአንድ እየጠበቀ ሊመታ ይችላል፡፡ የኢትዮጵያና የኩባ ጦር ፊት ለፊት ከመላተም ይልቅ በሰሜን በኩል ዞረ፤ ሄሊኮፕተሮች ቀላል ብረት ለበሶችን ከተራራው ማዶ አወረዱ፡፡ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ነፃ ወጣች፡፡ ሄሊኮፕተር የሚያነሳው ታንክ እንደሌለ ልብ በሉ፡፡ 36 ቶን አይነሳም፡፡

አፋቤት ላይ ደግሞ የተገላቢጦሽ ሆነ፡፡ መጋቢት 1980 ዓ.ም. የናደው ዕዝ በሸለቆ ውስጥ በረጅም ሰልፍ ሲያፈገፍግ ሻዕቢያ ከፊት ያለውን መታው፡፡ መንገዱ ተዘጋ፤ በግራ ገደል፣ በቀኝ ገደል፣ ከኋላ ወዳጅ፡፡ የተዘጋው መሣሪያ በጠላት እጅ እንዳይገባ የራሱ አየር ኃይል ደበደበው፡፡ እንዲያም ሆኖ ሃምሳ ያህል ታንክ ተማረከ፡፡ አጎቴ በዚያ ሰልፍ ውስጥ አልነበረም፤ የነበሩ ጓደኞች ግን ነበሩት፡፡ ስለዚህ ቀን አያወራም፡፡ አንዴ ብቻ ‹‹ታንክ ወደ ኋላ የሚሄደው በአንድ ማርሽ ነው›› አለኝና ዝም አለ፡፡ መጽሐፉን ገልጬ አየሁት፡፡ እውነት ነው፤ አምስት ማርሽ ወደ ፊት፣ አንድ ወደ ኋላ፡፡

በዚህ መንገድ ታንኩ ጌታ ሲቀይር ኖረ፡፡ በየካቲት 1983 ዓ.ም. ኢሕአዴግ ‹‹ዘመቻ ቴዎድሮስ›› ብሎ በጎንደርና በጎጃም ሲዘምት ይዟቸው የመጣው ታንኮች ከደርግ የተማረኩ ነበሩ፡፡ እኔ ያን ጊዜ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፡፡ መንገዳችን ገና አስፋልት አልለበሰም፡፡ መጀመሪያ የመጣው ድምፅ አልነበረም፤ የቤታችን ምሰሶ ላይ የተሰቀለው ድስት መንቀጥቀጥ ነበር፡፡ ካለፉ በኋላ ጠጠሩ ላይ የቀረው የሰንሰለት ጥርስ እንደ ተቆረጠ ሳሙና ቁልጭ ያለ ነበር፤ እኛ ልጆች እግራችንን እየለካን ተጫወትንበት፡፡ የሚሸሸውን ከሚያሳድደው በመልኩ መለየት አይቻልም ነበር፡፡ እናቴ ‹‹የማን ነው?›› ስትል ማንም መልስ አልነበረውም፡፡

ከኤርትራ ጋር በተደረገው ጦርነትም (1990-1992 ዓ.ም.) ይኸው ታንክ በሁለቱም በኩል ነበር፡፡ መጋቢት 1991 ዓ.ም. ፆረና ላይ በምሽግ ፊት የተቃጠሉት ታንኮች ፎቶግራፍ ዓለምን ዞሯል፡፡ በግንቦት 1992 ዓ.ም. መንገድ የከፈተው ግን በሌሊት ተራራ አቋርጦ፣ ስንቅና ጥይቱን በአህያ ጭኖ የሄደው እግረኛ ነበር፤ ታንኩ ከዚያ በኋላ ነው የተከተለው፡፡ ስለ አህያዋ ብዙ አልተጻፈም፡፡

የታንክ ትልቁ ጠላት ሌላ ታንክ ነው የሚባለውም በእኛ አገር ብዙም አልሠራም፡፡ አርፒጂ-7ን ውሰዱ፡፡ አንድ ሰው በትከሻው ይሸከመዋል፣ ጥይቱ ከ3 ኪሎ በታች ነው፡፡ ጫፉ ውስጥ በሾጣጣ ቅርፅ የተሠራ ስስ ብረት አለ፤ ከጀርባው ያለው ፈንጂ ሲፈነዳ ይህ ብረት ተጨምቆ እንደ ቀጭን ጦር ይወነጨፋል፡፡ የመጀመሪያው ዓይነት እንኳ ከ250 ሚሊ ሜትር በላይ ብረት ይበሳል፡፡ የቲ-55 ግንባር 200 ነው፤ ጎኑ 80፣ ጣሪያው 30 ገደማ፡፡ ታንክ ያለ እግረኛ ወደ ገደላማ ቦታ የማይላከው ለዚህ ነው፡፡ ከውስጥ ሆኖ በጠባቡ መስታወት የሚታየው ነገር ትንሽ ነው፤ ከቁጥቋጦ ጀርባ ያለውን ባለ አርፒጂ የሚያየው ከታንኩ ጎን በእግሩ የሚሄደው ወታደር ነው፡፡

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ በ2011 ከዩክሬን ከ200 በላይ ቲ-72 ታንኮች ለመግዛት ተዋዋለች፤ ዋጋው ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደሆነ ያን ጊዜ ተዘግቧል፡፡ ቲ-72 ከቲ-55 አንድ ትውልድ ይቀድማል፡፡ የሶቪየት ጦር የተቀበለው በ1973 ነው፡፡ ክብደቱ 41 ቶን፣ መድፉ 125 ሚሊ ሜትር፡፡ የመጀመሪያው ሞተሩ 780 የፈረስ ጉልበት ሲኖረው አየር የሚጨምቅ መሣሪያ ስላለው ደጋ ላይ የቲ-55ን ያህል አይደክምም፡፡ ግንባሩ አንድ ወጥ ብረት ሳይሆን በንብርብር የተሠራ ነው፡፡ መድፉ ግን ዛሬም ከ6 ዲግሪ በላይ አያጎነብስም፡፡ የተጨመረችው ያች አንዲት ዲግሪ ብቻ ናት፡፡

እነዚህ ታንኮች በሰሜኑ ጦርነት (ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም.) በሁለቱም ወገን ተሰልፈዋል፤ ተማርከዋል፣ ተመልሰው ተማርከዋል፣ በየመንገዱ ዳር ተቃጥለው ቀርተዋል፡፡ አዲሱ ነገር ድሮን ነው፡፡ ድሮን ከላይ ነው የሚመጣው፤ ከላይ ደግሞ ሁሉም ታንክ ስስ ነው፡፡ በዩክሬን ጦርነትም ከእ.ኤ.አ 2022 ጀምሮ የምናየው ይህንኑ ነው፤ አናታቸው ተገንጥሎ ሜትሮች ርቆ የወደቀ ቲ-72ዎች፡፡ ለምን አናቱ ይገነጠላል? በቲ-72 አጉራሽ የሚባል ሰው የለም፡፡ ሦስት ሰው ብቻ ነው የሚይዘው፡፡ በአጉራሹ ቦታ ማሽን ገብቷል፤ በደቂቃ እስከ ስምንት ጥይት ያጎርሳል፣ ግራና ቀኝ እጅ አይለይም፣ ጆሮም የለውም፡፡ 22 ጥይቶች ከነባሩዳቸው ከታንኩ ወለል ላይ በክብ ይደረደራሉ፡፡ አዛዡና ተኳሹ የሚቀመጡት ልክ ከዚያ ክብ በላይ ነው፡፡ አንድ ነገር ብረቱን ሰብሮ እዚያ ከደረሰ ባሩዱ በአንዴ ይነድዳል፤ ግፊቱ መውጫ ስለሚያጣ አናቱን ከነሰዎቹ ያነሳዋል፡፡

ባለፈው ዳንግላ ስሄድ ይህን ሥዕል በስልኬ ለአጎቴ አሳየሁት፡፡ በግራ ጆሮው በኩል ተቀምጬ አስረዳሁት፡፡ መነጽሩን አድርጎ ለረጅም ጊዜ አየው፡፡ የእሱ ሥራ በማሽን መተካቱ ያስደስተው ወይም ያስቀይመው እንደሆነ ለማወቅ ፊቱን እመለከታለሁ፡፡ እሱ ግን ጣቱን ስልኩ ላይ እያሽከረከረ ጥይቶቹን ይቆጥር ነበር፡፡

‹‹ናፍጣውስ የት ነው?›› አለኝ፡፡

አሳየሁት፡፡ ከፊት በኩል፣ ከሾፌሩ ግራና ቀኝ፡፡ ከጀርባውም አንድ አለ፤ እሱም ላይ እንደ ዱሮው ጥይት ይሰካበታል፡፡

‹‹እንደኛው ነው›› አለና ስልኩን መለሰልኝ፡፡